በስድስተኛ ክፍል አቆጣጠር

አሥራ አንድ ብቻ ነን፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፤
ከብሩክስ ወጣ ብሎ፣ ከስንዴው ዳር ነበር።
ነፋስ በመጣ ቁጥር ጣራው ያፏጫል፤
ማሞቂያው ያስላል፣ ቧንቧው ይንጫጫል።
ኮርኒ የገበሬው ልጅ፣ ቁመቱ ቀጭኔ፣
ሃሊሞ ሣቋ ቅርብ፣ ጁንጁን፣ ደግሞ እኔ፤
የቀሩት ሰባቱ ይቆዩ ለጊዜው፤
ተንኮሉን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ምን ልክደው?

አባቴ ስጋ ፋብሪካ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ፤
የእጅ ሰዓቱ ግን በሐበሻ ተኝታ፣ በሐበሻ ነው የምትነቃ።
አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አየኋት፦
የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ሲል፣
የአባባ ሦስት ተኩል።
ሦስት ተኩል!
ከትምህርት ቤት የምንለቀቀውስ መቼ ነው? ሦስት ተኩል።
ጆሮዬ ጋለ።

ሰኞ በረዶው ላይ፣ ከአጥሩ ጀርባ ዶለትን፤
ቀኝ እጃችንን ከጓንት አውጥተን፣ በዚያ ብርድ ማልን፤
«ምስጢር ያወጣ ጓንቱ ይጥፋ!» ተባብለን።

ማክሰኞ ማለዳ ኮርኒ አጎነበሰ፤
ሃሊሞ ወጣችበት፣ እጇ ከሰዓቱ ደረሰ፤
ጁንጁን በር ጠበቀ፣ ልቡ እየፈሰሰ።
ስድስት ዙር ወደ ኋላ፣ ክር እንደሚፈታ፣
ቀኑን ገለበጥነው፤ ጠዋቱ መሰለ ማታ።

ሚስስ ኦልሰን ገባች፣ ስም ጠራች፣ ክፍልፋይ አስተማረች፤
ቀና ብላ አላየችም፤ ወይም አይታ ዝም አለች።
ልክ ሦስት ተኩል ሲል፣
አሥራ አንድ ደብተር ባንዴ ጧ ብሎ ተዘጋ፤
አሥራ አንድ ወንበር ተንቋቋ፣ ሁሉም ወደ ካፖርቱ ተጠጋ።

«ወዴት?»
«ወደ ቤት። ሰዓቱ ደርሷል።»
በመስኮቱ ጸሐይ ገና ዓይኗን ታሻለች፤
ያመጣን አውቶቡስ ሞተሩ እንኳ አልበረደም።
«ማን ነው የነካው?»
«እኔ» አለ ኮርኒ፤ «እኔ» አለች ሃሊሞ፤ «እኔ፣ እኔ፣ እኔ…»
አንድ ሰው ቀረ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ተነሣሁ በወኔ።
ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው አልኳት፤
ከዚያ አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ አንድ ይባላል አልኳት፤
የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ሚሊዮን ሰው ቀጠሮ ይይዝበታል፣ አልኳት።

ጠመኔ አነሣች። ጻፈች፣ ቀነሰች፣ ደመረች፤
ከዚያ ማር በሚመስል ድምፅ ዞር ብላ ጠየቀች፦
«እሺ፤ በዚህ አቆጣጠር፣ ወደ ቤት የሚወስዳችሁ አውቶቡስ ሲመጣ፣
ስንት ሰዓት ይሆናል?»
«ዘጠኝ ተኩል!» አለ ጁንጁን፤ ምላሱ ከልቡ ቀድማ ወጣች።
አሥር ጥንድ ዓይን ጠበሰው።
ቀስ ብሎ ጓንቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ።
«ደግ። እንግዲያው ስድስት ሰዓት ይቀራችኋል» አለች፣ «ቁጭ በሉ።»
ቁጭ አልን። ከነካፖርታችን።

ሰዓቱን ግን አላስተካከለችውም።
ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሩ መጣ፤ ሲያወራ ቀና አለ ወደ ሰዓቱ፤
«አራት! የጥርስ ሐኪሜ!» ብሎ ሮጠ፣ ኮፍያው ቀርቶ ከመስኮቱ።
ወደ እሷ ዞርን። ከንፈሯን ነክሳ
ጠመኔ ትፈልጋለች፣ ጠመኔውን እንደ ጨበጠች።
ያን ጊዜ አወቅን፦
አሥራ ሁለት ሆነናል።

ሃያ ዓመት አለፈ። ኮርኒ ባለፈው ደወለ፤
«የአጥሬን ሽቦ ነፋስ ጥሎታል፤ ነገ በሦስት ሰዓት ና» አለ።
«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»
ዝም አለ። ከወዲያ ነፋሱ ሲያፏጭ ይሰማኛል።
«በስድስተኛ ክፍል» አለኝ፣ ዘጋው።

ጠዋት ሄድኩ፤ የለም።
ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ፤ የለም።
አጥሩም ደኅና ነበር።